መኖር በወር ስንት ነው?

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ዳቶ፣ ግቢያችን ውስጥ፣
ልብሳችን ገመድ ላይ፣ እኛ ጥላ ስር ስንቀመጥ፣
አንዲት ልጅ መጣች፣ መነጽር ያረገች፣
ባጅ አንገቷ ላይ፣ ክምር ወረቀት የያዘች።
«ጥናት ነው» አለችን፣ «ስም አይጻፍበትም።»
በርጩማውን ሰጠናት፤ ሌላ መቀመጫ የለንም።

አራት ነን ባንድ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ አለን፤
ዳንሼ፣ ጸዳለ፣ ማንጠግቦሽ፣ እኔ ነን።
ሌሊት የሠራችው ቀን ትተኛበታለች፣
ቀን የዋለችቱ ማታ ትወርሳለች።
ፍራሹ ሲቀዘቅዝ አይቼውም አላውቅ፤
ከኛ ሁሉ በላይ
እሱ ነው ያለ ዕረፍት ፈረቃ 'ሚጠብቅ።

ጠየቀች፦ ዕድሜሽ፣ ትምህርትሽ፣ ከየት ነው የመጣሽ፣
ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ፣ መቼ መቼ ታርፊያለሽ።
መለስን፣ መለስን።
እኔ አንገትጌ ነኝ፣ መስመር አሥራ አራት፣
የማላውቀው ወንድ አንገት የሚታቀፍበት።
በሰዓት ዘጠና።
ይህ ዓለም ስንት አንገት እንዳለው ያወቅሁት
እዚያ መኪና ላይ ነው።

ከዚያ ገጽ ገለበጠች፣ እስክሪብቶዋን ነከሰች፤
«ለመኖር በወር ስንት ይበቃሻል?» አለች።

ዝም አልን።
«ስንት ይከፍሉሻል» ነው ሰው ሁሉ የሚለን፤
«ስንት ይበቃሻል» ብሎ ማን ጠይቆን?

ጸዳለ ጀመረች፣ ጣቷን አጥፋ አጥፋ፦
«የኪራይ ድርሻዬ፣ መብራት፣ ውሃ በጀሪካን፣
ቆጮ፣ ጎመን፣ ዘይት (በብርጭቆ ነው የምንገዛው)፣
ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ካርድ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት...»
ጣቷ ሳያልቅባት ደሞዟ አለቀ።
ማንጠግቦሽ ሳቀች፤
ሳቋ ግን መሐል ላይ ስፌቱ ለቀቀ።

ዳንሼ ቆየችና፦
«እኔ አሞራ ገደል መሄድ ነው 'ምፈልገው።
ሙሉ ዓሣ አዝዤ፣ እሾሁን ለቅሜ፣
ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሰዓት ሳላይ፣ ሳልቆም በቁሜ።
እዚያ አባ ኮዳ አለ፣ አይታችሁታል?
ራሱ መላጣ፣ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ ይመስላል።
አጥማጁ አንጀቱን እስኪወረውርለት ቆሞ ይጠብቃል።
ባለፈው ሳየው አፈርኩ፤ ለእሱ አይደለም፤
ለካ እዚያው አጠገቡ ቆሜ ነበር እኔም።
ካንጀቱ አሻግሮ ሥጋው ጋ የሚያደርስ
ስንት ነው በወር? እሱን ጻፊው በቃ።»

ተራው እኔ ጋ ደረሰ።
መምህር ላንቃሞ ትዝ አሉኝ፣ ስምንተኛ ክፍል፣
ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ደም» ጻፉ፣ ቀጥለው «ወዝ»፤
«ሁለት ቃል ነው» አሉን፣ «አንድ ላይ ደመወዝ።
ሰው ደሙን፣ ወዙን ሰጥቶ
ደሙን የሚተካበት፣ ወዙን የሚመልስበት።»
ሲያስረዱን፣ በኮታቸው ቀዳዳ
ክርናቸው ብቅ ብሎ ያዳምጥ ነበር።

እኛ ግን ቸኩለን «ደሞዝ» ነው የምንለው።
«ወ»ን የት ጣልናት? ከበሩ ስንገባ? ፍተሻው ላይ?
የቀረን «ዝ» ብቻ፣
ተኝቼም ከጆሮዬ የማይወጣ፣ የመኪናው
ዝዝዝዝ።

«ቁጥሩን አላውቀውም» አልኳት።
«ከአርቤጎና ስመጣ እናቴ ቅቤ ቀብታኝ ነበር፣
ፊቴ ይወዛ ነበር፣ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ።
ያንን ፊት የሚመልስ ስንት ነው?»

«ቁጥር ነው የምፈልገው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አንቺስ» አለቻት ማንጠግቦሽ፣ «ስንት ይከፍሉሻል?»
ልጅቱ መነጽሯን አወለቀች፣
በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ደገመች፤
«በፎርም ነው» አለች ቀስ ብላ፣
«ዛሬ ሃያ ካልሞላሁ...»
አልጨረሰችውም።
ስንት እንደቀራት ጠየቅን። ዘጠኝ።

ከዚያማ ተነሣን! ጸዳለ ከጓሮ፣ ዳንሼ ከማዶ፣
ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን፣ ልብስ አጣቢ፣ ፀጉር ሠሪ፣
በርጩማው ላይ በተራ እያስቀመጥን፤
አንዷ ሲከብዳት ሌላዋ እየመለሰችላት፣
ሃያ ሞላንላት።

ሲመሽ የፈረቃው አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋ።
ዳንሼ እየተንጠራራች ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።
እኔ በተነሣችበት፣
ሙቀቱ ላይ ተኛሁ።